ሐጂ ዒምራን መንገድ ሲቆጥሩ

በዚህ አገር ከተማ የሚባል ሁሉ መስጊድ አለው፣ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ መናኸሪያ አለው፣ አንድ ደግሞ «በየት በኩል?» የሚል ሰው አለው። ለዚህ ሰው ነገ መንገደኛ ነኝ ብትሉት እንደ ማንኛውም የአላህ ፍጡር «በሰላም ግቡ» አይላችሁም። ዓይኑን ጠበብ፣ አገጩን ቀና አድርጎ «በየት በኩል?» ይላችኋል። የምትሄዱበት አገር መንገዱ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ይጠይቃል። ከመለሳችሁለት አለቀላችሁ፤ ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ስለ መገንጠያው ያስረዳችኋል። በእናንተም ሰፈር አንድ እንዳለ አውቃለሁ። የእናንተው ግን ተራ ወታደር ነው። የእኛው፣ የመካነ ሰላሙ፣ ጄኔራል ናቸው።

ክቡር ሐጂ ዒምራን፣ የመንገዶች ሁሉ አባት፣ የመገንጠያዎች የበላይ ጠባቂ፣ የጉልምስና ዘመናቸውን ሳውዲ የውሃ ቦቴ ሲነዱ ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሌላው ከሳውዲ ሲመጣ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል። እሳቸው ይዘው የመጡት ሐሳብ ነው። እዚያ፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ መንገድ ሁሉ ቁጥር አለው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው ጎዶሎ ቁጥር ይይዛል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ሙሉ ቁጥር። «ሰሌዳውን አይተህ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትጠልቅ ታውቃለህ» ይላሉ። ፀሐይዋን ራሷን ባያትስ ምን አለበት ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አኩርፈውኝ ሰነበቱ።

መንግሥትም ለዋና ዋና መንገዶች ቁጥር እንደሰጠ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በቁጥር ሲጣራ የሰማ የለም። እኛ መንገድን የምንጠራው በሚያደርስበት ቦታ ነው፤ የአቀስታ መንገድ፣ የደሴ መንገድ እያልን። ይኼ ነው ሐጂን እንቅልፍ የሚነሳቸው። የእኛ የደሴ መንገድ ደሴ ለተቀመጠ ሰው የመካነ ሰላም መንገድ ነው። አንዱ መንገድ እዚህ ሲሆን አንድ ስም፣ እዚያ ሲሆን ሌላ ስም እያወጣ እንዴት ይኖራል? እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቢሆን፣ ይላሉ ሐጂ፣ ፖሊስ ይፈልገው ነበር።

ስለዚህ የቆርቆሮ ቁራጭ ሰብስበው፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብተው፣ በነጭ ቁጥር እየጻፉ በየምሰሶውና በየባሕር ዛፉ ቸነከሩ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም። ወደ አቀስታ የሚወጣው መንገድ 12 ሆነ። ከከተማ የማይወጡት የውስጥ መንገዶች ባለ አንድ አሃዝ ሆኑ። ከ12 የሚገነጠለው ደግሞ 112፣ ቀጥሎ ያለው 212። «እኛስ የአባታችንን ስም አይደል የምንይዝ? መንገድም የአባቱን ይያዝ» አሉ። ይኼን እንኳ ወድጄላቸዋለሁ፣ ባልነግራቸውም።

ሕግ ካለ ግን ሕግ የማይገባው አይጠፋም። ከ12 ተገንጥላ 14 ላይ የምታልቅ አንዲት የጋሪ መንገድ ተገኘች። የማን ልጅ ናት? ሐጂ ሽምግልና ተቀመጡ፣ ብቻቸውን። በመጨረሻ ባለሱቋ እናኑ መሐል ላይ ስላለች መንገዷ «እናኑ» ተብላ ያለ ቁጥር እንድትኖር ፈረዱ። «እሷማ ልዩ ናት» አሉ። በከብት ገበያው ዙሪያ የምትዞረዋ መንገድ ከተነሳችበት ተመልሳ ስለምትገባ ጎዶሎም ሙሉም አይደለችም፤ እሷም ልዩ ናት። በክረምት የምትጠፋዋ፣ ገበያ ቀን ብቻ የምትታየዋ፣ የትየለሌ ናቸው። ውሎ አድሮ ልዩ ያልሆነ መንገድ ያለው ሰው ራሱ ልዩ ሆነ።

ትልቁ ፈተናቸው ወደ ጎጃም የሚወርደው መንገድ ነበር። ዓባይ በረሃ እንዴት እንደሚወረድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መንገዱ ፊቱን አንዴ ወደ ሰሜን፣ አንዴ ወደ ደቡብ እያዞረ፣ ደግሞ የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል ወደ መጣበት እየተመለሰ ነው የሚወርደው። ሐጂ ስልካቸው ላይ ያለውን፣ ለሰላት ወደ መካ የሚያዞረውን የቂብላ ኮምፓስ ከፍተው ቸኮል የሚባል ሾፌር ጎን ተቀምጠው ወረዱ። በየጥምዝምዙ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጎዶሎ... ሙሉ... ጎዶሎ...» ሲሉ ቸኮል ለነፍሳቸው ዱዐ የሚያደርጉ መስሎት ፍሬን እየያዘ በኤሊ እርምጃ ነዳ። ከዚያ ጉዞ ይዘውት የተመለሱት ቃል ዛሬ የከተማው ምሳሌ ሆኗል። «ቁጥሩ ልክ ነው፤ አገሩ ነው የጠመመው።»

መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። የመናኸሪያ ረዳቶች ለሹፈት «አስራ ሁለት የሞላ! አስራ ሁለት!» እያሉ መጣራት ጀመሩ። አንዲት ባልቴት እሳቸው የሚሄዱት አንድ ቦታ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም አቀስታ እንደሆነ ለረዳቱ ሲያስረዱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሹፈት ግን ሲደጋገም ልማድ ይሆናል። ዓመት ሳይሞላ ፎቶ ኮፒ ቤቴ የሚመጣ ሰው «በአራት መጥቼ ጭቃ በላኝ» ሲለኝ ምንም ሳይገርመኝ ወረቀቱን መቀበል ጀመርኩ።

ሁለት ነገር ግን ከተማውን ያነጋግር ነበር። አንደኛው፣ ቁጥር አንድ የለም። ሐጂ ከሁለት ነው የጀመሩት። ለምን ሲባሉ «አንድ የሚገባትን ስታገኝ ትገባለች» ይላሉ። አስተዳደሩ በፊቱ ለሚያልፈው መንገድ፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ለመስጊዱ መንገድ፣ ሰበካ ጉባኤያችንም ለቤተ ክርስቲያኑ መንገድ እያንዳንዳቸው በልባቸው ይጠብቁ ነበር። ሁለተኛው ነገር ከተማውን ሳይሆን እኔን ነው የሚያነጋግረኝ። የእኔ ቤት ያለበት መተላለፊያ ቁጥር አልተሰጠውም።

የሐጂ ቤትና የእኔ ቤት ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ የሚለየን የባሕር ዛፍ አጥር ነው። እሳቸው በዚያ በኩል ባለው መንገድ ይገባሉ፣ እኔ በዚህ በኩል ባለችው ጠባብ መንገድ። የእኔዋ አጥሩ ጋ ስትደርስ ታልቃለች። አንድ ቀን ነገሩን እንደ ቀልድ አድርጌ ሳነሳባቸው «ፈንታው፣ የማያሻግር መንገድ መንገድ አይደለም፤ ግቢ ነው» አሉኝ። ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ከፋኝ። በዚህ ዕድሜዬ በቆርቆሮ ቁራጭ እንደምቀየም አላውቅም ነበር። ባለቤቴ የሺእመቤት «ቁጥሩ ወጥ አይሆንህ» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ግን ቅያሜዬ አልቀነሰም።

አንድ ጊዜ ስለ ሳውዲ ሲያወሩ የነገሩኝን እዚህ ላይ ካልተናገርኩ ሐጂን አታውቋቸውም። በረሃ ላይ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሰሌዳ የሌለበት ቦታ ላይ የተገኘ ሾፌር ሕጉ አንድ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ መቆም። መንገድ ፍለጋ የተንቀሳቀሰ ይጠፋል፣ የቆመ ይገኛል። እሳቸው አንድ ጊዜ ቆመው ጠብቀዋል። «አላህ ይመስገን አገኙኝ» ብለው ወሬ ቀየሩ። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ሰሌዳ ሲቸነክሩ ሳይ የምስቀው ቀስ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ሰርጉ ልግባ።

የሐጂ ልጅ አፍናን ደሴ ስትማር ሃሩን ከሚባል የወረኢሉ ልጅ ጋር ተዋወቀች። ቤተሰቡ ከብት ነጋዴ፣ የተከበረ ቤት ነው። ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ መርቀው፣ ገና ነገሩን ሳይከፍቱ ሐጂ «በየት በኩል መጣችሁ?» አሉ። በአቀስታ በኩል አሉ ሽማግሌዎቹ፣ በሌላስ በየት ይመጣል ብለው። የሐጂ ፊት ጠቆረ። ለሙሽሪት ስለሚሰጠው መህር እንኳ አንድ ቃል አልተከራከሩም፤ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ቁጥሮቹን በቃሉ ይያዝ።

ሃሩን ያዘ። አፍናን ማታ ማታ በስልክ ታስጠናው ነበር። እናቷ እትዬ ኸዲጃ ልጃቸው መኝታ ቤት ገብታ በለሆሳስ «አይደለም የኔ ጌታ፣ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ጋ አትታጠፍም» ስትል እየሰሙ፣ የዘንድሮ ፍቅር እንዲህ ነው እንዴ ብለው የሺእመቤትን ጠይቀዋታል። ከሁሉም ቁጥር በላይ ግን ሐጂ ለአማቻቸው አንድ ሕግ አጥብቀው ነግረውታል። ቁጥር የሌለበት ቦታ ከደረስክ ቁም።

የጥሪ ካርዱን ያተምኩት እኔ ነኝ። «በ12 ገብታችሁ፣ በ7 ታጥፋችሁ፣ 7 ሲያልቅ ድንኳኑን ታያላችሁ» ይላል። እስኪ በዚህ ማን ይጠፋል?

የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነበር። ሐሙስ ሐጂ ድንኳኑ ውስጥ ለሰላት የሚነጠፈውን ለማስተካከል የቂብላ ኮምፓሳቸውን ከፈቱ። በእኛ አገር ቂብላው ወደ ሰሜን ነው። 7 ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ከቂብላው ጋር ትከሻ ለትከሻ መሄድ ነበረበት። ቂብላው ግን 7ን ልክ መሐሉ ላይ አቋርጦት አለፈ። የራሳቸው በር ላይ ያለው መንገድ፣ በገዛ እጃቸው የቸነከሩት፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ጎዶሎ ተብሎ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ኖሯል።

ሌላ ሰው ቢሆን ሰርጉ ይለፍ ይላል። ሐጂ ግን ልጃቸውን በተሳሳተ ቁጥር ሊድሩ ነው? መሰላል ይዘው ወጡ። 7ን ነቅለው 8 አደረጉት። 7ን ደግሞ በእውነት ወደ ሰሜን በሚሄደው፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል አልፎ የእኔ መተላለፊያ ጋ በሚያልቀው መንገድ ላይ ቸነከሩ። ከዚያ እፎይ ብለው ተኙ። ካርዱ መበተኑን ሰርገኛ በበዛበት ቤት ማን ያስታውሳቸው?

ዓርብ ሱቄ ቁጭ ብያለሁ፣ የሺእመቤት ደወለች። ሰርግ መጥቷል አለችኝ። የማን ስላት፣ እኔ ምን አውቄ፣ ሙሽራው ሳሎን ተቀምጧል አለች።

ስደርስ መተላለፊያዬ በሚኒባስ ታጭቋል። አንዱ በአንዱ ኋላ ገብቶ የመጀመሪያው አፍንጫውን አጥሬ ላይ አስደግፏል። ልጃገረዶች ከመኪና ወርደው እየጨፈሩ ነው፤ የማን በር ላይ እንደሆኑ ግድ ያላቸው አይመስሉም። ሳሎኔ ውስጥ ሽማግሌዎች በተርታ ተደርድረዋል። ዓርብ ስለሆነ ቤታችን ጾም ነው፤ ይኼም በጀን፣ የሺእመቤት የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ ሳትል ያለውን ሽሮ ለሁሉም አቅርባለች። ሙሽራው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን በአንድ እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ በሌላው ይጎርሳል። ሲያየኝ ተነሳ።

«ጋሼ፣ አፉ በሉኝ፣ ይኼ ቦታ ቁጥር አለው?»

«የለውም» አልኩ። የቆየ ቁስሌን ነው የነካኝ።

«እንግዲያው ልክ ነን» ብሎ ተቀመጠ።

ከአጥሩ ማዶ ድቤ ይመታል፣ መንዙማ ይሰማል። የሙሽሪት ሰርግ ከጎመን መደቤ ጀርባ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ድምፁን እየሰሙ ሽሮውን ገፋ አደረጉና ከጎናቸው ለተቀመጡት ሲናገሩ ሰማሁ። ልጅ ሊሰጥ የፈለገ ሰው መንገድ አያጠፋም አሉ። ሳቄ እዚያው ደረቀ። እስከዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ለእኔ ቀልድ ነበር። ወረኢሉዎች ተንቀናል ብለው ከተነሱ ግን አፍናን እዚያ ማዶ እንደ ተሞሸረች ልትቀር ነው። ደወልኩ።

«ሐጂ፣ ሙሽራው እኔ ቤት ነው።»

ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«በየት በኩል መጣ?»

«በሰባት።»

«ማሻአላህ፣ ልክ ነው። ካርዱም የሚለው...» አሉና ድምፃቸው ተቋረጠ። ሲመለስ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ፈንታው፣ ወላሂ ትናንት ቀየርኩት።»

ጊዜ አልነበረም። ኒካሁን የሚያስሩት ሸህ ሱሌማን፣ ቁርአን የሚያስቀሩ አዛውንት፣ ከዐስር ሰላት በፊት አቀስታ ሌላ ኒካህ አለባቸው፤ መኪናቸው ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃል። ሚኒባሶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እናውጣ ብንል ይመሻል። ሙሽራውን በእግር በወፍጮ ቤቱ ዞረን፣ ገደሉን ወርደን ወጥተን እናድርስ ብንል ሸሁ አይጠብቁም፤ ሙሽራም ብቻውን እንደ ጠፋ በሬ እየተነዳ አይገባም። አጥሩ ጋ ሄድኩ። በማዶ ሐጂ ቆመዋል፤ በባሕር ዛፉ ክፍተት አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታየኛል።

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አፉ በለኝ ወንድሜ» አሉኝ። «ማንም ሰው ወደ ቤቴ ሲመጣ እንዳይጠፋ ብዬ ነበር። የገዛ ልጄን ባል አጠፋሁት።»

ስንት ዓመት ሲያናድዱኝ ለኖሩ ሰው ያን ሰዓት የምለው አልጠፋኝም። ልላቸው እችል ነበር። ነገር ግን በዚያች ክፍተት ያየሁት የበረሃውን ሾፌር ነው፣ ሞተሩን አጥፍቶ የቆመውን።

«አብሽሩ ሐጂ» አልኳቸው። «ቁጥሩ ልክ ነው፤ አገሩ ነው የጠመመው። መጥረቢያ አለዎት?»

ነበራቸው። እሳቸው ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው እንጨቱን እየነቀሉ፣ የሺእመቤት ጎመኔን አትርገጡ እያለች፣ አጥሩ ወደቀ። ሃሩን የተዘረጋለትን ሪባን... ምን ሪባን፣ የልብስ ማስጫ ገመዳችንን ጎንበስ ብሎ አለፈ። ዶሮዎቼ ቀድመውት ገቡ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉ። ጢመ ቀዩ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው መጥረቢያ የያዙትን ሐጂን ከእግር እስከ ራስ አይዋቸውና ሳቃቸው መጣ። አማች ለመቀበል አጥሩን የሚያፈርስ ሰው አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ፤ እንዲህ ካለ ቤት ልጅ መውሰድ ደግ ነው ብለው መረቁ። ሸህ ሱሌማን አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ አድርገው ነበር። አወረዱት። ኒካሁ ታሰረ።

አጥሩን መልሰን አላጠርነውም። መጀመሪያ ጊዜ አልነበረንም፤ በኋላ እትዬ ኸዲጃና የሺእመቤት በዚያ መመላለስ ለመዱ፤ ከዚያ ማን ይጠረው። የሰርጉ ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ሐጂ መሰላል ላይ ናቸው። መተላለፊያዬ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ቆርቆሮ ቸንክረዋል። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው።

ከተማው ተቆጣ። አስተዳደሩ ቅር አለው፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ሐጂን ጠርቶ አነጋገራቸው፣ እኛም ሰበካ ጉባኤ ላይ አንስተን ተነጋገርን፣ እኔ ዝም ብልም። ጭቃና ድንጋይ ለሆነች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማታሳልፍ መንገድ? ደግሞስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የምትሄደው፤ በእሳቸው ሕግ ጎዶሎ አይገባትም። ሐጂ ለሁሉም የመለሱት አንድ ነው። «የማያሻግር መንገድ ቁጥር የለውም ብያለሁ። ይቺ ልጄን አሻግራልኛለች። እሷማ ልዩ ናት።»

እኔና ሐጂ ሰላምታ ተሰጣጥተን፣ ስለ ጎመኑ አውርተን ተለያየን። ብቻ ማታ ከሱቅ ስመለስ ሰሌዳዋ አቧራ ይዛ ከሆነ በእጅጌዬ ጠረግ አድርጌያት ነው የምገባው።

ባለፈው እሑድ የሺእመቤት እህቷን ለመጠየቅ ደሴ ልትሄድ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በር ላይ ቆመች። ከመካነ ሰላም ደሴ የሚወስደን አውቶቡስ የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። በሰላም ግቢ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«በየት በኩል?» አልኳት።